«አርጅቷል፣ ይፍረስ»፦ ስለ ከተማ መዋኛ ገንዳዎች የሚነገሩ ስህተቶች

የሕዝብ መዋኛ ገንዳ ሲያረጅ ስብሰባው ለሁለት ይከፈላል፤ ገሚሱ ይጠገን ሲል ገሚሱ ይፍረስ ይላል። ሁለቱም ወገን ገንዳን እንደ አንድ ዕቃ ነው የሚያየው። ባለሙያ ግን ሦስት ነገር ያያል፦ አርማታው፣ የተቀበረው ቧንቧና የማሽን ክፍሉ። ሦስቱ እኩል አያረጁም። ፓምፕ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይሠራል፣ የማጣሪያ አሸዋ በየ5 እስከ 7 ዓመቱ ይቀየራል፣ በወጉ የተሠራ አርማታ ግን 50 ዓመትም አልፎ ይሄዳል።

«50 ዓመት ሞልቶታል፣ አርማታው አልቆለታል»

ዕድሜው ብቻ ምንም አይናገርም። ከግድግዳው ላይ ናሙና ተቆርጦ ይወጣና በትኩስ ስብራቱ ላይ ፊኖልፍታሊን የሚባል ቀለም አሳይ ፈሳሽ ይረጫል። ጤነኛው ኮንክሪት ደማቅ ሮዝ ይሆናል፤ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ የጠጣው ቀለሙን አይለውጥም። ቀለም ያልያዘው ክፍል ፌሮው ድረስ ከዘለቀ ብረቱ ከዝገት የሚከላከልለት የለም። ይህ ምርመራ ግን ክሎራይድን (ብረትን የሚያዝገውን ጨው) አያሳይም። ስለዚህ ከፌሮው ጥልቀት ላይ ዱቄት ተቦርቡሮ ላቦራቶሪ መሄድ አለበት። ናሙናው ከየት ይወሰድ ለሚለው፣ ሁልጊዜ ውኃ ውስጥ ያለው ክፍል ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ጉዳቱ የሚበረታው እርጥበትና አየር በሚፈራረቁበት ቦታ ነው፦ በውኃው መስመር ዙሪያ፣ በገንዳው ዳር ባለው መተላለፊያ ሥርና በማሽን ክፍሉ በኩል ባለው የግድግዳ ጀርባ። የዝገት እንባ ካለ እዚያ ነው የሚታየው።

«ውኃው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ገንዳው ተሰንጥቋል»

በጣም ውድ የሚያስከፍለው ስህተት ይህ ነው። ለ25 በ12.5 ሜትር ገንዳ 1 ሴንቲ ሜትር ማለት 3,125 ሊትር ነው። ውኃው በቀን 2 ሴንቲ ሜትር ቢቀንስ በወር 187,500 ሊትር ይጠፋል። አማካይ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር ከሆነ ይህ ከገንዳው ሁለት አምስተኛ ነው። ያም ሆኖ ጥፋተኛው ሌላ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ባልዲ። ውኃ የተሞላ ባልዲ የገንዳው መውረጃ ደረጃ ላይ ይቀመጥ፤ በውስጡ ያለው ውኃ ከገንዳው ጋር እኩል ይሁን፤ ሁለቱም ላይ ምልክት ይደረግ። ሰው አይግባ፣ ውኃም አይጨመር። ከ24 ሰዓት በኋላ እኩል ከቀነሱ የወሰደው ፀሐይና ንፋስ ነው። ገንዳው ከባልዲው በልጦ ከቀነሰ ያፈሳል። ሙከራው ፓምፑ ጠፍቶ አንድ ጊዜ፣ ፓምፑ እየሠራ ሌላ ጊዜ ይደገም። ፓምፑ ሲሠራ ብሶ የሚቀንስ ከሆነ ጥርጣሬው ውኃ መላሹ የግፊት ቧንቧ ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ መስመሮቹ አንድ በአንድ ተደፍነው በ1 ባር ገደማ ግፊት ይፈተናሉ። ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ የማጣሪያው ቫልቭ ጎማ ነው። ጎማው ሲያልቅ ውኃው ቀስ እያለ ወደ ፍሳሽ ይሄዳል፣ ማንም አያየውም። ማጣሪያው በሥራ ላይ እያለ የፍሳሽ ቧንቧው ጫፍ ላይ ጠብታ ካለ፣ ለፍርሻ የታሰበው ገንዳ ችግሩ አንዲት ጎማ ልትሆን ትችላለች።

«ሴራሚኩ ከተቀየረ አዲስ ሆነ»

ስንጥቁ የሚንቀሳቀስ ከሆነ አዲሱም ሴራሚክ በዚያው መስመር ይሰነጠቃል። በደረቀው ክፍል ስንጥቁ ላይ ስስ ጀሶ ተቀብቶ ቀን ይጻፍበት። ከወራት በኋላ ጀሶው ከተሰበረ ስንጥቁ ሕያው ነው። እንዲህ ያለውን በኤፖክሲ ማጣበቅ ትርፉ አጠገቡ ሌላ ስንጥቅ መፍጠር ነው፤ የሚለጠጥ ማሸጊያ ያስፈልገዋል። የቆመ ስንጥቅን ግን ኤፖክሲ በደንብ ይይዘዋል።

«ለማየት መጀመሪያ ውኃው ይፍሰስ»

ባዶ ገንዳ ጀልባ ነው። ከሥሩ የከርሰ ምድር ውኃ ካለ ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ወለሉን ይሰነጥቀዋል። በተለይ በክረምትና እንደ አዲስ አበባው የቦሌ አካባቢ ባለ ወልካ አፈር ላይ፣ የከርሰ ምድር ውኃው ከፍታ በጉድጓድ ሳይለካ የገንዳው ውኃ መፍሰስ የለበትም። ወለሉ ላይ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ካለም መሥራቱ ይረጋገጥ።

«ትልቅ ፓምፕ ቢገባ ውኃው ይጠራል»

የዚያን የ25 በ12.5 ሜትር ገንዳ ውኃ (469 ሜትር ኩብ ገደማ) በ6 ሰዓት አንዴ በማጣሪያው ለማዞር 78 ሜትር ኩብ በሰዓት ይበቃል። አሸዋው ላይ ውኃው በሰዓት ከ30 ሜትር በላይ ከሮጠ ቆሻሻው ሳይያዝ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ የማጣሪያው ስፋት ቢያንስ 2.6 ሜትር ካሬ ይሁን። ማጣሪያው ትንሽ ሆኖ ፓምፑን ማሳደግ ውኃውን ያደፈርሰዋል እንጂ አያጠራውም። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፦ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ በመሆኑ ፓምፑ ከሚስብበት ከፍታ ላይ 2.5 ሜትር ገደማ ይቀነሳል። የፓምፑ ካታሎግ ይህን አያውቅም። ፓምፑ ጠጠር የሚፈጭ ያህል ከጮኸ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ስለሚችል፣ ከውኃው ወለል በታች ቢተከል ይመረጣል።

«የጥገናው ዋጋ ከአዲሱ ግማሽ ካለፈ ውሳኔው አልቋል»

ቁጥሩ መነሻ ነው። አዲሱ በሚለው ዋጋ ውስጥ የማፍረሻውና ገንዳው ተዘግቶ የሚቆይበት ጊዜ ብዙ ጊዜ አይገባም። ምርጫውም ሁለት ብቻ አይደለም። ብሩክሊን፣ ኒው ዮርክ የሚገኘው የማካረን ገንዳ እ.ኤ.አ. በ1936 ተከፍቶ በ1980ዎቹ ተዘጋ። በ2012 እንደገና ሲከፈት የድሮው መግቢያ ሕንጻ ታድሶ፣ 6,800 ሰው ይይዝ የነበረው ገንዳ ደግሞ ወደ 1,500 አንሶ ነበር።

የወለል ፍሳሹ ግን በሒሳብ አይታለፍም። በአንድ ፍሳሽ ብቻ የሚስብ አሮጌ ገንዳ ዋናተኛን ስቦ ፍሳሹ ላይ ሊያጣብቅ ይችላል፤ በእጅ ጎትቶ ማላቀቅም ያዳግታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2007 ጉዳዩን በሕግ የደነገገችውም ለዚህ ነው። መፍትሔው ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር የተራራቁ ሁለት ፍሳሾች ከተፈተነ ክዳን ጋር ናቸው። ሥራው ወለሉን መቅደድ ስለሚጠይቅ ገና ከመጀመሪያው በጥገናው ዋጋ ውስጥ ይጻፍ።