ሰው ባገሩ ሰው በወንዙ፦ ግማሹን እየቆረጣችሁ አትጥቀሱት

ሰሞኑን መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ስለተረጎመው ስለ ኦኔሲሞስ ነሲብ በተዘጋጀ አንድ መታሰቢያ ላይ ተናጋሪው ንግግሩን ሲቋጭ «ሰው ባገሩ ሰው በወንዙ፣ ቢበላ ሣር ቢበላ መቅመቆ» አለና ወጣቶች ስደት ይቅርባችሁ ብሎ ተቀመጠ፣ ጭብጨባው ቀለጠ። እኔ ግን ተናደድኩ። ኦኔሲሞስ እኮ ከኢሉባቦር፣ ከሁሩሙ አካባቢ የወጣው ደልቶት አይደለም፣ በልጅነቱ ታፍኖ ለባርነት ተሽጦ ነው።

ለመሆኑ መቅመቆ የሚባለውን ተክል የሚያውቀው ስንቱ ነው? ዛሬ ከተማ ውስጥ ሻዩን ለደም ግፊት ብለው ይጠጡታል፣ ገጠር ግን እናቶች ሥሩን ቅቤ ሲያነጥሩ ጨምረው ቀለሙን ያሳምሩበታል። አያቴ ክረምት ላይ ከወንዝ ዳር ለጋውን አገዳ ሰብራ ልጣ ትሰጠን ነበር፣ ጎምዛዛ ነው ጥርስ ያጠርሳል፣ እኛ ግን እየተሻማን ነበር የምንበላው። ቅጠሉን ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ጎተራው ሲሟጠጥ፣ እሸቱም ገና ሳይደርስ ቀቅለው ይበሉታል። ታዲያ በአገሩ መቅመቆ የበላ ሰው ለቅሶ ቤት ሲገባ የእገሌ ልጅ ነው ተብሎ ቦታ ይለቀቅለታል፣ ጎረቤትም ለአዝመራ ይመልሳል ብሎ ቁና እህል ያበድረዋል፣ ማንነቱን ያውቃላ! ግጥሙ የሚቀጥለውም «ይከበር የለም ወይ ሰውነቱ ታውቆ» ብሎ ነው፣ ዋናው ነገር እሱ ሆኖ ሳለ ሁሌ የሚቆረጠው እሱ ነው።

በበኩሌ ይሄ ግጥም የክፉ ቀን፣ የዚያ በምኒልክ ዘመን የነበረው ትልቅ ረሃብ ልጅ ይመስለኛል። ያኔ ከብቱ በበሽታ አልቆ ሰው ቀዬውን እየጣለ ሲሰደድ፣ የማያውቁት ሰፈር ደርሶ አንተ ማነህ የተባለ ባለ ትልቅ ቤት ነው የገጠመው እላለሁ፣ ከሱ ሌላ ማን እንዲህ አንጀት የሚበላ ነገር ይላል?

ወደ ኦኔሲሞስ ስመለስ፣ ምጽዋ ላይ ነፃ ወጥቶ ስዊድኖቹ ሚሲዮን ተማረ፣ ስዊድንም ሄዶ አጥንቶ መጣ፣ እንደሱው ከባርነት ነፃ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ በ1899 እ.ኤ.አ. አሳተመ። አውሮፓ ቢቀር ማን ይከለክለው ነበር? እሱ ግን በዚያው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1904 ነቀምት ገብቶ ትምህርት ቤት ከፈተ። አገሩ ገብቶም ወዲያው አልተከበረም፣ በ1906 የኦርቶዶክስ ካህናት ከሰውት የቤተ ክርስቲያኒቱ ጳጳስ አቡነ ማቴዎስ እንዲሰደድ ፈረዱበት፣ አፄ ምኒልክ ናቸው ነቀምት ይመለስ ያሉት፣ ያውም እንዳይሰብክ ተከልክሎ። በይፋ እንዲሰብክ የተፈቀደለት በ1916 በልጅ ኢያሱ ጊዜ ነው። ከዚያም እስኪሞት እስከ 1931 ድረስ ነቀምት ሆኖ መስበኩን ቀጠለ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ስም ላይ ቆሞ አትሰደዱ ማለት ምን ይሉታል? ቤይሩትና ጅዳ ላሉ እህቶቻችንም ይችኑ ግማሽ ግጥም በቴሌግራም ትልኩላቸዋላችሁ። እነሱ ሲመለሱ ኤርፖርት ላይ ሻንጣቸውን እያያችሁ «ምን ይዛ መጣች» የምትሉት እኮ እናንተው ናችሁ!