ኤምኤምአይ ምንድን ነው? ሸምድደው የማይገቡበት ቃለ መጠይቅ

«ለምን ሐኪም መሆን ፈለግህ ቢሉኝ ምን ልበል?» ካናዳ፣ እንግሊዝ ወይም አሜሪካ ሕክምና ለመማር ያመለከቱ ልጆቻችን መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንን ነው። መልሱን ይጽፉታል፣ ያሳምሩታል፣ በቃላቸው ይይዙታል። ቀኑ ሲደርስ ግን ጥያቄው ጭራሽ ላይመጣ ይችላል። በምትኩ በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ያገኛሉ። ወረቀቱ ላይ ስለማያውቁት ሰው ችግር ተጽፏል። አንብቦ ለማሰብ ሁለት ደቂቃ አላቸው። ደወል ሲደወል መግባት ነው።

ይህ አሠራር ኤምኤምአይ (Multiple Mini-Interview፣ «ብዙ አጫጭር ቃለ መጠይቆች» እንደማለት) ይባላል። በአንድ ረጅም ቃለ መጠይቅ ፋንታ ብዙ አጫጭር ቃለ መጠይቆች ይደረደራሉ፤ አመልካቹ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል። እያንዳንዱ ክፍል «ጣቢያ» ይባላል። የራሱ ጥያቄና የራሱ ገምጋሚ አለው። መጀመሪያ ሲሠራ 10 ጣቢያ ነበር፤ በእያንዳንዱ 8 ደቂቃ። ዛሬ ብዛቱም ደቂቃውም ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል።

የተጀመረው ካናዳ፣ ሐሚልተን ከተማ ባለው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ነው። ኬቨን ኢቫ፣ ጃክ ሮዘንፌልድ፣ ሃሮልድ ራይተርና ጄፍሪ ኖርማን በ2004 በጥናት ጽሑፍ አስተዋወቁት (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ሐሳቡን ከባዶ አላመጡትም። የሕክምና ተማሪዎች ከጣቢያ ጣቢያ እየዞሩ የሚፈተኑበት ኦስኪ የሚባል ፈተና ቀድሞም ነበር። እሱን ደግሞ ሮናልድ ሃርደን ስኮትላንድ፣ ዳንዲ ውስጥ በ1975 አስተዋውቆታል። የማክማስተር ሰዎች «ይህ ተማሪን ለመፈተን ከሠራ፣ አመልካችን ለመምረጥስ?» አሉ።

ለምን አስፈለገ? የድሮው ቃለ መጠይቅ ዕድል ይበዛበታል። አንድ ወይም ሁለት ሰው ፊት ትቀመጣለህ። ገምጋሚው ገና ስትገባ ከወደደህ ቀሪው ንግግርህ ሁሉ ይጥመዋል። ካልወደደህ ደግሞ አለቀልህ። ሌላም ችግር አለ። አንድ ጉዳይ ላይ አሪፍ አድርጎ የሚናገር ሰው ሌላ ጉዳይ ላይ ሊንተባተብ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ወሬ ሰውን መመዘን ያስቸግራል። የማክማስተር መልስ ቀላል ነበር፦ ብዙ ጊዜ፣ በብዙ ጉዳይ፣ በብዙ ሰው ይመዘን።

ለአመልካች ትልቁ መጽናኛም ይኸው ነው። ሦስተኛው ጣቢያ ላይ ብትበላሽ የአራተኛው ገምጋሚ አያውቅም። በአዲስ ፊት ትገባለህ። ብዙ ልጆች የሚወድቁት በተበላሸው ጣቢያ ሳይሆን እሱን እያሰቡ በገቡበት በሚቀጥለው ነው ባይ ነኝ።

አሠራሩ ወሬ ብቻ እንዳልሆነም ታይቷል። እነ ኢቫ በ2012 ባወጡት ጥናት፣ በኤምኤምአይ ተመርጠው ማክማስተር የተቀበላቸው አመልካቾች፣ ማክማስተር ሳይቀበላቸው ቀርቶ ሌላ ቦታ ከገቡት ይልቅ በካናዳ የሐኪሞች የፈቃድ ፈተና የተሻለ ውጤት አምጥተዋል።

ዛሬ በእንግሊዝ አብዛኞቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በዚህ ይጠቀማሉ፤ ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ግን በድሮው ዓይነት ቀጥለዋል። አሜሪካ ድብልቅ ናት። ዩሲ ዴቪስና ቨርጂኒያ ቴክ ካሪሊዮን ኤምኤምአይን ከተቀበሉት መካከል ናቸው። እስራኤል ውስጥ ደግሞ ቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የሚጠቀምበት «ሞር» የተባለ ምዘና አለ፤ እሱም ተዋንያን ያሉባቸው ጣቢያዎች አሉት።

አሁን ወደ ጥያቄዎቹ። ማክማስተሮች ለምሳሌ ያህል ይፋ ካደረጓቸው አንዱ እንዲህ ይላል። ዶክተር ቹንግ ለታካሚዎቻቸው ሆሚዮፓቲ የሚባለውን አማራጭ መድኃኒት ይመክራሉ። እንደሚሠራ ሳይንሳዊ ማስረጃ የለም፤ እሳቸውም አያምኑበትም። የሚመክሩት ድካም፣ ራስ ምታትና የጡንቻ ሕመም ላለበት ሰው ነው። ጉዳት የለውም፣ ያጽናናቸዋል ብለው ነው። የሥነ ምግባሩ ችግር ምንድን ነው?

የሸመደደ ልጅ «ዶክተሩ ዋሽተዋል፣ ስህተት ነው» ብሎ በሠላሳ ሰከንድ ይጨርሳል። ሰባት ደቂቃ ተኩል ዝምታ ይቀረዋል። ጎበዙ ጉዳዩን ያገላብጠዋል። ታካሚው እውነቱን ቢያውቅ ይስማማ ነበር? ገንዘቡን የሚከፍለው ማነው? ያ ራስ ምታት የሌላ በሽታ ምልክት ቢሆንስ፣ ማን ይመረምረዋል? በሌላ በኩል ሰውዬው በእርግጥ ቀለል ካለው ምን እንላለን? ይህንን ሁሉ ካየ በኋላ ግን አቋም መያዝ አለበት። «ሁለቱም ወገን ልክ ነው» ብሎ መውጣት መልስ አይደለም።

እዚህ ላይ የእኛ ልጆች የማያውቁት ሀብት አላቸው። ጸበልና ክኒን ጎን ለጎን የሚሄዱበት ቤት ያደገ ልጅ፣ ለአያቱ ሐኪም ቤት እየሄደ ያስተረጎመ ልጅ፣ ታካሚ ለሐኪሙ የማይነግረው ነገር እንዳለ ከማንም በላይ ያውቃል። ይህንን በሁለት ዓረፍተ ነገር ቢያነሳ የሚያምር ነገር ይወጣዋል። አሥር ደቂቃ የሚፈጅ የቤተሰብ ታሪክ ግን አይሆንም።

ሌላው ይፋ የሆነ ጥያቄ ከተዋናይ ጋር ነው፤ ባለታሪኳን ሆና የምትጫወት ተዋናይ ክፍሉ ውስጥ ትጠብቅሃለች። አንተና ሣራ የምትባል የሥራ ባልደረባህ ሳን ዲዬጎ ለወሳኝ ስብሰባ መሄድ አለባችሁ። አውሮፕላን ማረፊያ ልታደርሳት መጥተሃል። በሩን ከፍተህ ስትገባ ሣራ በፍርሃት ተይዛለች። ከ2001ዱ የሽብር ጥቃት ወዲህ አውሮፕላን መሳፈር ትፈራለች። ብዙዎች ወዲያው «አይዞሽ፣ አውሮፕላን እኮ ከመኪና ይሻላል» ብለው ማስረጃ መደርደር ይጀምራሉ። ሣራ ማስረጃ አልጠየቀችም። እዚህ የሚለካው ቁጭ ብለህ መስማትህ ነው። አይዞሽ ማለት ያለ ነገር ነው፤ ከ«አይዞሽ» በኋላ ዝም ብሎ ማዳመጥ ግን ልምምድ ይፈልጋል።

ታዲያ ዝግጅት ዋጋ የለውም? አለው። የሚዘጋጀው ግን መልሱ አይደለም፤ አፍ ነው። ጥያቄ አንሥቶ፣ ሰዓት ይዞ፣ ድምፅ አውጥቶ መናገር። በአእምሮ ውስጥ የሚያምር ሐሳብ አፍ ላይ ሲመጣ ይሰባበራልና። ከራሱ ሕይወትም ጥቂት እውነተኛ ገጠመኞችን ያሰናዳ፤ የተጣላበት፣ የተሸነፈበት፣ ሰው የረዳበት። በቃል የተያዘ ድርሰት ሳይሆን ፍሬ ነገሩን ብቻ። ከጓደኛ ጋር ቢለማመድ ጥሩ ነው። የማያውቀው ሰው ቢሆን ደግሞ ይበልጥ፤ እናት ስትጠይቅ ሁሉም መልስ ግሩም ይሆናልና። ለኢንተርቪው ማሠልጠኛ ብዙ ዶላር የሚያስከፍሉ ድርጅቶች ሞልተዋል። እኔ ብሆን መጀመሪያ ገንዘቤን ይዤ ነጻውን እሞክራለሁ፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የናሙና ጥያቄ በነጻ ያወጣሉ።

እኛ ቤት ያደገ ልጅ ሌላም የሚለማመደው አለ። ታላቅ ሲናገር መከራከር ነውር ነው። ስለዚህ ሽበታም ፕሮፌሰር «እርግጠኛ ነህ? እኔ እንኳን አይመስለኝም» ሲለው ልጁ ወዲያው «እሺ፣ ልክ ነዎት» ይላል። ገምጋሚው ግን ብዙ ጊዜ የሚገፋው ሆን ብሎ ነው። አዲስ ምክንያት ከሰጠህ ሐሳብህን ቀይር። ምክንያት ካልሰጠህ በአክብሮት ቁም። ራስን ማወደስም እንዲሁ ያስቸግረናል። «ፕሮጀክቱን ሠራን» እንላለን። ገምጋሚው የሚፈልገው «አንተስ ምን ሠራህ?» የሚለውን ነው። ያንን ያለ ጉራ፣ ያለ ይሉኝታም መናገር ይቻላል።

በመጨረሻ አንድ ነገር። ብዙ ትምህርት ቤቶች አመልካቹ ጥያቄዎቹን ለማንም እንዳያወጣ ያስፈርሙታል። ኢንተርቪው ጨርሶ የወጣ ልጅ ጋ ደውላችሁ «ምን ጠየቁህ?» አትበሉት። በቴሌግራም ግሩፕ የለጠፈ ልጅ ቦታውን ሊያጣ ይችላል። «እንዴት ነበር?» በሉት፣ ይበቃል።