የተኛው የጦር አምላክ፦ የቦቲቼሊ «ቬነስና ማርስ» እና ፍቺዎቹ

«ቬነስና ማርስ» የፍሎረንሱ ሠዓሊ ሳንድሮ ቦቲቼሊ እ.ኤ.አ. በ1485 ገደማ የሠራው ሥዕል ነው። ቀለሙ ከፊሉ በእንቁላል፣ ከፊሉ በዘይት የተለወሰ ሲሆን የተቀባው በፖፕላር ጣውላ ላይ ነው። ከፍታው 69፣ ርዝመቱ 173 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። የለንደኑ ናሽናል ጋለሪ በ1874 ገዝቶታል።

ሁለቱ ፍቅረኞች ሣር ላይ ፊት ለፊት ጋደም ብለዋል። የፍቅር አምላክ የሆነችው ቬነስ በግራ በኩል ነጭ ቀሚሷን እንደ ለበሰች፣ ደረቷ ላይ በሉል የተከበበ ጌጥ እንዳደረገች ነቅታ ትመለከታለች። የጦር አምላክ ማርስ ግን ወገቡ ላይ ጣል ካደረገው ጨርቅ በስተቀር ራቁቱን ነው፤ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ አፉን ከፈት አድርጎ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወስዶታል። በዙሪያቸው የፍየል እግርና ቀንድ ያላቸው አራት ሕፃናት፣ ግሪኮች ሳቲር የሚሏቸው፣ የጦረኛውን ትጥቅ መጫወቻ አድርገውታል። ከረጅሙ ጦር ጋር የሚታገሉ አሉ፤ አንደኛው የራስ ቁሩን ደፍቶ ፊቱ ተውጧል። ሌላው በወለቀው ጥሩር ውስጥ ተሽሎክሉኮ ገብቷል። አንዱ ደግሞ ትልቅ የባሕር ዛጎል በማርስ ጆሮ ሥር ይነፋል። ማርስ ንቅንቅ አላለም።

ይህ የሕፃናት ጨዋታ የቦቲቼሊ ፈጠራ ብቻ አይደለም። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የግሪክ ጸሐፊ ሉቅያኖስ፣ ኤቲዮን የተባለ ሠዓሊ የታላቁ እስክንድርንና የሮክሳናን ሠርግ እንዴት እንደ ሣለ ተርኳል። በዚያ ትረካ ክንፍ ያላቸው የፍቅር ሕፃናት የእስክንድርን ጦር ይሸከማሉ፤ አንዱም ጓደኞቹን ለማስደንገጥ ጥሩር ውስጥ ተደብቋል። ቦቲቼሊ የወሰደው ይህን ነው፤ ክንፋሞቹን በቀንዳሞች ሲተካቸው ግን ጨዋታው ብልግና ቢጤ ተጨመረበት።

የጥንቱ ሥዕል የሠርግ ሥዕል መሆኑን ልብ ይሏል። የቦቲቼሊ ጣውላም እንዲህ ወደ ጎን ረጅም፣ ወደ ላይ አጭር የሆነው በመኝታ ክፍል ግድግዳ ወይም የቤት ዕቃ ላይ እንዲገጠም ታስቦ ሳይሆን አይቀርም የሚለው አስተያየት ሰፊ ተቀባይነት አለው። የፍሎረንስ ባለጸጎች ልጆቻቸውን ሲድሩ የሙሽሮቹን ክፍል በሥዕል ማስዋብ ልማዳቸው ነበር። ችግሩ ቬነስና ማርስ ባልና ሚስት አለመሆናቸው ነው። በሆሜር «ኦዲሴ» ባሏ ሄፌስቶስ ከውሽማዋ ጋር በመረብ አጥምዶ ለአማልክት ሁሉ መሳቂያ ያደርጋቸዋል። በዚህ ሥዕል ላይ ባልየውም መረቡም የሉም፤ ሠዓሊው ነውሩን ትቶ ፍቅሩን ብቻ ያስቀረ ይመስላል።

ፈላስፎች ሌላ መንገድ ይዘዋል። በዚያው ከተማና ዘመን የኖረው ማርሲልዮ ፊቺኖ ሁለቱን እንደ ኮከብ፣ በእኛ አውደ ነገሥት ዝሁራና መሪኅ እንደሚባሉት፣ አይቷቸው የቬነስ ለዘብታ የማርስን ክፋት ይገራል ሲል ጽፏል። በዚህ ትምህርት መሠረት ሥዕሉ ፍቅር ጦርነትን ድል ሲነሣ ያሳያል። ፍቺው ከሥዕሉ ጋር ይሄዳል። ሆኖም ጥሩር ውስጥ የገባውን ሕፃን እያዩ ሳይስቁ ይህን ብቻ ማሰብ ለእኔ ከባድ ነው።

የሥዕል ታሪክ ሊቁ ኤርንስት ጎምብሪክ በ1945 ዓይኑን ከማርስ ራስ አጠገብ ባሉት ተርቦች ላይ ጣለ። በጣሊያንኛ ተርብ «ቬስፓ» ነው፤ ተርብ ደግሞ የቬስፑቺ ቤተሰብ ዓርማ ነበር። ቤተሰቡ አሜሪካ በስሙ የተጠራችለት የአሜሪጎ ቬስፑቺ ወገን ሲሆን የቦቲቼሊ ጎረቤትና አሠሪ ነበር። ስለዚህ ሥዕሉ ለዚህ ቤት ሠርግ የታዘዘ ሊሆን ይችላል። ተርቦቹ የፍቅር መርዝ ምልክት ናቸው የሚሉም አሉ፤ ሁለቱ ሐሳቦች እርስ በርስ አይጣሉም። ቬነስ በ1476 በወጣትነቷ የሞተችው ውቧ ሲሞኔታ ቬስፑቺ ናት የሚለው ወሬ ግን ማስረጃ የሌለው፣ ሰው ስለ ወደደው ብቻ የሚደጋገም ታሪክ ነው።

በ2010 ደግሞ ክርክሩ ወደ ዕፅዋት ዞረ። በቀኝ ጥግ ያለው ሳቲር እጁ ላይ የያዘው ፍሬ፣ እኛ አስተናግር የምንለው የሚያቃዥ ተክል ነው የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ ማርስም በፍቅር ሳይሆን በፍሬው ደንዝዞ ነው ተባለ። ቅጠሉን ወይም ፍሬውን የቀመሰ ሰው እንዴት እንደሚቀባጥር ስሙ ራሱ ስለሚናገር አማርኛ አንባቢ ሐሳቡን ለመረዳት አይቸገርም። ነገር ግን ብዙ የዕፅዋት ተመራማሪዎች የአስተናግር መነሻ አሜሪካ ነው ይላሉ፤ ሥዕሉ ደግሞ ኮሎምበስ በ1492 ከመጓዙ ዓመታት ቀድሞ የተሠራ ነው። ሌሎች ፍሬው በሜዲትራኒያን ዳርቻ የሚበቅል፣ ሲበስል ዘሩን በኃይል የሚተፋ የዱር ዱባ ዝርያ ነው ብለዋል። ይህ ለሙሽሮች ክፍል የሚመጥን ቀልድ በመሆኑ ከሳቲሮቹ ጠባይ ጋር የበለጠ ይስማማል። ለነገሩ መኝታ ክፍል ውስጥ ለተሰቀለ ሥዕል፣ ማርስ ለምን እንደ ተኛ ለማስረዳት መድኃኒት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።