«እግዚአብሔር ከሌለ ግብረገብ የለም» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰው በዚህ ክርክር የሚደናገረው ሁለት ጥያቄ ስለሚቀላቀልበት ነው። አንዱ «እምነት የሌለው ሰው ደግ መሆን ይችላል ወይ?» የሚለው ነው። በደንብ ይችላል። ጳውሎስም በሮሜ 2፥14-15 ሕግ የሌላቸው አሕዛብ የሕግ ሥራ በልባቸው እንደተጻፈ ይናገራል። የእኛ ሊቃውንትም ከሙሴ በፊት የነበረውን ዘመን ዘመነ ሕገ ልቡና ይሉታል። ስለዚህ ኢ-አማኒን «አንተማ ምን ሕሊና አለህ» ማለት ስድብ እንጂ ክርክር አይደለም።

ዋናው ሁለተኛው ነው። ክፉ ነገር ክፉ የሚሆነው ሰው ክፉ ስላለው ነው ወይስ ማንም ምንም ቢል ክፉ ነው? «ማንም ምንም ቢል» የሚል ሰው ግብረገብ ኦብጀክቲቭ ነው ይላል። ባርነትን እንውሰድ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ሻሩት። ታዲያ ከዚያ በፊት ሰው መሸጥ ትክክል ነበር? «ኧረ በፍጹም» ካላችሁ፣ ከአዋጅም ከልማድም በላይ የሆነ መለኪያ አለ እያላችሁ ነው። አማኙ የሚገባው እዚህ ጋ ነው፦ «መለኪያውን ማን ሰጠ?»

ጠንካራ ጥያቄ ነው፤ ግን ነገሩን አይዘጋውም። በጥንታዊው የግሪክ ፈላስፋ በፕላቶን ጽሑፍ ሶቅራጥስ ስለ ቅድስና የጠየቀው ጥያቄ እዚህም ይነሣል፦ መልካሙ ነገር አማልክት ስለወደዱት መልካም ሆነ ወይስ መልካም ስለሆነ ወደዱት? የመጀመሪያው ከሆነ መልካምነት የአምላክ ፈቃድ ብቻ ይሆናል፤ ሁለተኛው ከሆነ ደግሞ መለኪያው ከአምላክ ውጭ ይቆማል። ብዙ የሃይማኖት ሊቃውንት «መልካምነት የእግዚአብሔር ባሕርይ ነው» ብለው ይመልሳሉ። ኢ-አማኒዎችም አንድ አይደሉም። ገሚሱ መለኪያው ያለ አምላክም ይቆማል ይላል፣ ገሚሱ ጭራሽ መለኪያ የለም ባይ ነው። ከመከራከራችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ ጠይቁት።