ኤስቢኤምኤል ምንድን ነው?

የሕዋስን ሥራ በሒሳብ የሚያጠና ተመራማሪ ሞዴሉን ሲያሳትም፣ አንባቢው እጅ የሚገባው ብዙ ጊዜ የእኩልታ ድርድርና አንድ የቁጥር ሠንጠረዥ ነው። ሞዴሉን ራሱ መሞከር የፈለገ ሁሉንም በእጁ ወደ ኮምፒውተር ይገለብጣል። አንዲት የመቀነስ ምልክት ብትዘለል፣ ወይም ፍጥነቱ በደቂቃ ይሁን በሰከንድ ሳይገለጽ ቢቀር፣ ልፋቱ ከንቱ ይሆናል። ኤስቢኤምኤል (SBML፣ Systems Biology Markup Language) ለዚህ ጣጣ የተበጀ የፋይል አጻጻፍ ደንብ ነው፤ በእርሱ የተጻፈን ሞዴል ደንቡን የሚያውቅ ሶፍትዌር ሁሉ ከፍቶ ያሰላዋል።

ሥራው የተጀመረው በ2000 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው) በካሊፎርኒያው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በካልቴክ ነው። በየቤተ ሙከራው የተሠሩት ፕሮግራሞች አንዱ የሌላውን ፋይል አያነብም ነበር። የመጀመሪያው ደንብ በ2001 ወጣ።

ማይክል ኤሎዊትዝና ስታኒስላስ ላይብለር በ2000 ያሳተሙትን ሞዴል እንመልከት። በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ ሦስት ዘረመሎች ቀለበት ሠርተው አንዱ ቀጣዩን ያፍናል፤ የፕሮቲኖቹም መጠን ከፍ ዝቅ እያለ ይዞራል። ፋይሉ በመጀመሪያ ቦታውን ይጠቅሳል፦ አንድ ሕዋስ። ቀጥሎ በውስጡ ያሉትን፦ ሦስት መልእክተኛ አርኤንኤዎች (ፕሮቲን የሚሠራባቸው የዘረመል ቅጂዎች) እና ሦስት ፕሮቲኖች። ከዚያ 12 ሂደቶች ይመጣሉ፤ እያንዳንዱ አርኤንኤና ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራና እንደሚፈርስ፣ ከነፍጥነቱ። የአርኤንኤው ግማሽ በ2 ደቂቃ፣ የፕሮቲኑ ግማሽ በ10 ደቂቃ ይፈርሳል። ዲፈረንሻል እኩልታ፣ ማለትም መጠኖቹ በጊዜ እንዴት እንደሚለዋወጡ የሚገልጽ እኩልታ፣ የሚጽፍ ሰው የለም፤ ሶፍትዌሩ ከሂደቶቹ ራሱ ያወጣዋል። የደንቡ ብልሃት ለእኔ እዚህ ላይ ነው።

ይሁንና በዚያ ፋይል ፕሮቲኖቹ ፒኤክስ፣ ፒዋይ፣ ፒዜድ ተብለዋል። ለሠራው ሰው ግልጽ ነው፤ ለሌላው ግን ባዶ ፊደል ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ስም ሥር ዩኒፕሮት ወደተባለው የፕሮቲን መዝገብ የሚያመለክት መለያ ቁጥር ይታከላል። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ማንም አያመሰግንበትም፤ ያለ እርሱ ግን የሁለት ሰዎችን ሞዴል ማጋጠም ዘበት ነው። በእንግሊዝ ሂንክስተን የሚገኘው ባዮሞዴልስ የተባለ የመረጃ ቋት ከ2005 ጀምሮ ይህን እያደረገ ሞዴሎችን በነጻ ያቀርባል።

ሌሎች ደንቦችም አሉ። ከኒውዚላንዱ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ሴልኤምኤል እኩልታዎቹን ራሳቸውን ይመዘግባል፤ የልብ ጡንቻን ኤሌክትሪክ በሚያጠኑት ዘንድ የተለመደ ነው። ሴድኤምኤል ደግሞ ሞዴሉ እስከ መቼ፣ በየትኛው ዘዴ እንደሚሰላ ይገልጻል።

በ2021 የታተመ ጥናት 455 ሞዴሎችን መርምሮ፣ ግማሽ ያህሉ በታተመው ጽሑፍ መረጃ ብቻ ተሰልተው ያንኑ ውጤት እንዳልሰጡ አገኘ። ከምክንያቶቹ መካከል የጎደሉ ቁጥሮችና መነሻ መጠኖች ይገኙበታል። መጽሔቶች ፋይሉ ከጽሑፉ ጋር ካልተያያዘ አናትምም ማለት ያለባቸው ለዚህ ይመስለኛል፤ መነሻ መጠን የጎደለው ፋይል ገና ሲሞከር ጉድለቱ ይታወቃልና።