ዲቤቱን ማን አሸነፈ ብላችሁ ለምትደውሉልኝ በሙሉ

የአሜሪካ ፕሬዝዳንታዊ ምርጫ ሲደርስ፣ ዲቤት (የእጩዎቹ የቴሌቪዥን ክርክር) በተካሄደ ማግስት ስልኬ አያርፍም። አዲስ አበባ ያሉት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተው በቀጥታ አይተው ነው የሚደውሉት፣ እዚህ ቨርጂኒያ ያሉት ደግሞ ቡና የምጠጣበት ቤት ጠብቀው ነው የሚይዙኝ፣ ጥያቄው ግን ያው አንድ ነው፤ «እህ፣ አለቀለት አይደል?» እኔ ከ2008 ጀምሮ (ከምርጫ 97 በቀር ቀኑም ዓመቱም በፈረንጅ ነው) በየአራት ዓመቱ በር እያንኳኳሁ፣ ስልክ እየደወልኩ «ተመዝግባችኋል? መቼ ነው የምትመርጡት?» እያልኩ ሰው የምለምን ቮለንተር ነኝ። ተንታኝ አይደለሁም። ግን አስራ ምናምን ዓመት ሙሉ ያንኑ ነገር መመለስ አፌን አዝሎታል፣ ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

«ዲቤት ያሸነፈ ምርጫ ያሸንፋል»

አያሸንፍም። ጆን ኬሪ በ2004፣ ሂላሪ ክሊንተን በ2016 ሦስት ሦስት ጊዜ ቀርበው በአብዛኛው ፖል (ሰው እየጠየቁ በሚሰበስቡት የሕዝብ አስተያየት) አሸናፊ ተባሉ፣ ካማላ ሃሪስም መስከረም 2024 ፊላደልፊያ ላይ እንደዛው። ሦስቱም ዋይት ሀውስ አልገቡም። ሬገን በ1984 የመጀመሪያውን ክርክር በሞንዴል ተበልጦ ሰዉ ሁሉ «አረጀ» ሲለው ከርሞ ከ50 ስቴት 49ኙን ጠርጎ ወሰደ። በዚህ ላይ ብዙ ማውራት አልፈልግም።

«በ1960 በሬዲዮ የሰማው ኒክሰን አሸነፈ አለ፣ በቲቪ ያየው ኬኔዲ አለ»

ይቺን ታሪክ የማያውቅ የለም፣ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ያስተምሯታል። ኒክሰን ጉልበቱን ታሞ ሆስፒታል ከርሞ ነበር፣ ከስቶ ነበር፣ በደንብ ሜካፕ አልተቀባም፣ ይሄ ሁሉ እውነት ነው። «በሬዲዮ የሰሙት ኒክሰንን መረጡ» የምትለዋ ግን በዋናነት የቆመችው በአንድ ድርጅት ሰርቬይ ላይ ነው፣ እዛ ውስጥ በሬዲዮ የሰሙት ሰዎች ሦስት መቶ እንኳ አይሞሉም። በዛ ላይ በ1960 ቴሌቪዥን ቤቱ የሌለው አሜሪካዊ ማነው? ገጠሬው፣ ብዙው ፕሮቴስታንት፣ ለካቶሊኩ ኬኔዲ ድሮም ልቡ ያልከፈተ ሰው። ሰዉ የተለያየው በማየትና በመስማት ነው ወይስ ድሮውኑ የተለያየ ሰው ነው? ኬኔዲ በመላ አገሪቱ የበለጠው መቶ ሺህ በምታህል ድምፅ ነው፣ በዚህች ልዩነት «ኒክሰንን ካሜራ ፊት ያላበው ላብ ነው ያስበላው» ማለትም ይቻላል፣ «ቺካጎ ላይ ለኬኔዲ የተሰራው ካምፔይን ነው» ማለትም ይቻላል፣ ማንም ማንንም አይረታም።

«ፖሉ ከዲቤቱ በኋላ ተገለበጠ፣ ስለዚህ ሰው ሐሳቡን ቀየረ»

እሺ፣ እኔን የሚያቃጥለኝ ይሄኛው ነው። እዚህ ላይ ቁጭ በሉ።

ጥቅምት 3 ቀን 2012 ዴንቨር ላይ ኦባማ ከሪፐብሊካኑ ሮምኒ ጋር ተከራከረ፣ ወይም አልተከራከረም ብንል ይሻላል፣ አንገቱን ደፍቶ ወረቀት ላይ ሲጽፍ አመሸ። ከ60 ሚሊየን በላይ ሰው አየው። ወዲያው ፖሎቹ ተገለበጡ፣ ሲመራ የነበረው ኦባማ እኩል ሆነ፣ በአንዳንዱም ወደቀ። ቡና ቤት ስገባ የማውቃቸው ሁሉ ለቅሶ ቤት የመጡ መስለው ተቀምጠዋል። «ሚሊየን ሰው በአንድ ማታ ከዳው» ተባለ።

በኋላ ግን አጥኚዎች ኤክስቦክስ በሚባለው የጌም ማሽን በኩል ከ300 ሺህ በላይ ሰው በተደጋጋሚ የጠየቁበትን ዳታ ፈትሸው ያገኙት ሌላ ነገር ነው። የከዳ ሰው ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። የሆነው ምንድነው፣ የኦባማ ደጋፊ አፍሮ ጥያቄ መመለስ ቀነሰ፣ የሮምኒ ደጋፊ ደግሞ ደስ ብሎት ለጠየቀው ሁሉ ይመልሳል። መልስ የሰጠው ሰው ድሮ የማን ፓርቲ እንደነበረ እያመዛዘኑ ሲያስተካክሉት ያ ትልቅ መገለባበጥ አብዛኛው ብን ብሎ ጠፋ።

ይሄን ለመረዳት ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም እኮ! ጊዮርጊስና ቡና ተጫውተው ቡና በተሸነፈ ማግስት ሰፈር ውስጥ ዞራችሁ «የማን ደጋፊ ነህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጮክ ብሎ የሚመልስላችሁ የጊዮርጊሱ ነው፣ የቡናው በሌላ መንገድ ዞሮ ነው ቤቱ የሚገባው። ታዲያ ቡና በአንድ ሌሊት ደጋፊ አጣ ልትሉ ነው?

እኔ ራሴ በዛ ሳምንት ስልክ ላይ ነበርኩ። የምደውለው የኛ ሰው ተብሎ ሊስት ላይ ለተጻፈ ነው፣ ማለት ሪፐብሊካን አይደለም። ከዴንቨር በፊት «አዎ አዎ፣ እመርጣለሁ፣ ባለቤቴም ትመርጣለች» ብለው የሚያወሩኝ ሰዎች ከዴንቨር በኋላ ስልኩን አያነሱም፣ ያነሱትም «አሁን ስራ ላይ ነኝ» ብለው ይዘጋሉ። አንዲት ሴትዮ «ቲቪውን ሸጬዋለሁ በላቸው» አለችኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለተኛው ዲቤት ላይ ሰውዬው ነቃ ሲል እነዛው ቁጥሮች ስልክ ማንሳት ጀመሩ። አንድም ወደ ሮምኒ ሄድኩ ያለኝ የለም። ኦባማ በኤሌክቶራል (በየስቴቱ ወኪሎች) ድምፅ 332 ለ206 አሸነፈ።

እና ነጥቡ ይሄ ነው፦ ዲቤት የሚነካው ወኔን ነው። ልብ መቀየር ሌላ ነገር ነው። ሌ ፔኔክና ፖንስ የሚባሉ ተመራማሪዎች በተለያዩ አገሮች የተካሄዱ 56 የቲቪ ክርክሮችን ወስደው ሰዎች ከክርክሩ በፊትና በኋላ ማንን እንመርጣለን እንዳሉ ሲያስተያዩ ምርጫቸው ላይ የሚታይ ለውጥ አላገኙም። የራስህ ሰው ሲያሸንፍ ብር ትልካለህ፣ ለጓደኛህ ትደውላለህ፣ ቮለንተር ልሁን ትላለህ፤ ሲሸነፍ ደግሞ ስልክህን ትዘጋለህ። ከፊላደልፊያው ክርክር በኋላ የሃሪስ ካምፔይን በ24 ሰዓት ውስጥ 47 ሚሊየን ዶላር ሰበሰብኩ አለ። ያን ማታ ቴይለር ስዊፍት ድጋፏን ገልጻ የለጠፈችውን ሊንክ ተከትሎ 400 ሺህ ያህል ሰው የመንግሥቱን የምርጫ ድረ ገጽ ጎበኘ። ዜናው «400 ሺህ ሰው ተመዘገበ» ተብሎ ነው በየቴሌግራሙ የዞረው። ጎበኘ እኮ ነው የተባለው፣ ሊንክ መክፈትና መመዝገብ፣ ከዛ ደግሞ ህዳር ላይ ሄዶ መሰለፍ ሦስት የተለያየ ነገር ነው።

«ብዙ ሰው ካየው ብዙ ሰው ይመርጣል»

በ1964 እና በ1968 ጭራሽ ዲቤት አልነበረም፣ የመረጠው ሰው ግን ከ60 በመቶ በላይ ነው። በ1976 ዲቤት ተመለሰ፣ በ1980 ሬገንና ካርተርን 80 ሚሊየን ሰው አያቸው፣ የመራጩ ቁጥር ግን 53፣ 54 በመቶ አካባቢ ወርዶ ቀረ። ክሊንተንና ትራምፕን በ2016 84 ሚሊየን ሰው አየ፣ በ2020 የመጀመሪያውን ያየው ወደ 73 ሚሊየን ቀነሰ፣ የመረጠው ሰው ግን ከ60 ወደ 66 በመቶ ወጣ። ዲቤቱ ሰው አባረረ እያልኩ አይደለም፣ ኮቪድ ነበር፣ በፖስታ መምረጥ ቀልሎ ነበር፣ ሌላም ሌላም። ሁለቱን ቁጥሮች አታያይዙብኝ ነው የምለው።

«ምርጫ 97ንስ?»

አገር ቤት ላለ ሰው ይሄን ሁሉ ስነግረው መልሱ ይቺ ናት፣ እውነቱን ለመናገር ትከብደኛለች። በ97 ክርክሩ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ሰው ከስራ እየሮጠ ቤቱ ይገባ ነበር፣ ቲቪ የሌለው ጎረቤት ይሄዳል፣ ሚያዝያ 30 መስቀል አደባባይ ምን እንደሞላ ሁላችንም እናውቃለን፣ ግንቦት 7 ደግሞ ሰዉ ሌሊት ወጥቶ ተሰለፈ፣ አዲስ አበባ 23ቱንም የፓርላማ ወንበር ለቅንጅት ሰጠች። ያ ክርክር ወኔ አልቀሰቀሰም የሚል ሰው የለም፣ እኔም አልልም።

ግን አስቡት፣ ያኔ ዜናው ራሱ ክርክሩ ነበር። ባለስልጣን ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲጠየቅ፣ ያውም በመንግሥት ቴሌቪዥን፣ ያን ያህል ሰዓት፣ ሰው አይቶ አያውቅም። «ለካ ይቻላል» ነው ያለው። አሜሪካዊው ግን ትራምፕን ስንት ዓመት አይቶታል? ሰልችቶታል እኮ። አዲስ ነገር የሌለበት ክርክር የድሮ ደጋፊን ከማሞቅና ከማቀዝቀዝ አያልፍም።

«ባይደንን ከምርጫ ያስወጣው ዲቤት አይደል?»

ነው። ሰኔ 27 ቀን 2024 አትላንታ ላይ ተከራከረ፣ ሐምሌ 21 ወጣ። ግን ያስወጣው መራጩ ሳይሆን የገዛ ፓርቲው ሰዎችና ብር ሰጪዎቹ ናቸው፣ ፖሉ ላይ የወረደው ትንሽ ነው። ይሄ ራሱ የኔን ነገር ነው የሚያስረዳው፤ ወደ ትራምፕ የሄደ ሰው ሳይሆን ወኔው የሞተ ደጋፊ ነው የጨረሰው። ሃሪስ ስትተካው በ24 ሰዓት 81 ሚሊየን ዶላር ገባ፣ ያኔ እሷ በዛ ምርጫ ገና አንድም ዲቤት አላደረገችም።

«ከዲቤቱ በኋላ እወስናለሁ»

ይሄን የሚሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ የወሰኑ ናቸው፣ እኔን ከበር ለመሸኘት ነው። ለማንኛውም በ2020 የመጨረሻው ዲቤት ጥቅምት 22 ሲደረግ ከ40 ሚሊየን በላይ ሰው ቀድሞ መርጦ ጨርሷል። ቨርጂኒያ ላይ መምረጥ የሚጀመረው ከምርጫው ቀን 45 ቀን ቀደም ብሎ ነው።

አሁን የምነግራችሁ ከዲቤት ወሬ ሁሉ ይበልጣል። በ1998 ኒው ሄቨን ላይ ገርበርና ግሪን የሚባሉ ሁለት ምሁራን ወደ 30 ሺህ መራጭ ላይ ሞክረው በር ተንኳኩቶ ፊት ለፊት የተነገረው ሰው በደንብ የበለጠ መረጠ፣ በስልክ የተነገረው ግን ምንም። (ስንት ዓመት ስልክ ስደውል የኖርኩትን ሰውዬ እዘኑልኝ።) ስለዚህ ማን አሸነፈ ከምትሉኝ ሰዉን «ተመዝግበሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ታክሲ የሚነዳ ጓደኛ አለኝ፣ በ2016 ሦስቱንም ዲቤት በቃሉ ይዟቸዋል፣ ትራምፕ የቱ ደቂቃ ላይ ምን እንዳለ ይነግርሃል። ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ ቤት ቀይሮ ሳይመዘገብ ቀኑ አለፈው፣ ሳይመርጥ ቀረ። አሁን ቨርጂኒያ ከ2022 ወዲህ ቀኑ ካለፈም እዛው ተመዝግቦ መምረጥ ይቻላል፣ ግን ወረፋና ተጨማሪ ወረቀት አለው፣ አድራሻችሁን ዛሬውኑ አስተካክሉ።

እንግሊዝኛ የማያነብ ወላጅ ካላችሁ «እሳቸው አይችሉም» ብላችሁ ቤት አታስቀሩ። ሕጉ የሚያግዝ ሰው ይዘው እንዲገቡ ይፈቅዳል፣ ልጅ ይሁን ጎረቤት፣ አሰሪና የሰራተኛ ማኅበር ተወካይ ብቻ ነው የማይቻለው። ዲሲ ላይ የምርጫ መረጃ በአማርኛም አለ። በ2024 አብሬያቸው የገባሁ አንድ እማማ በመጀመሪያው ሳምንት ነው የመረጡት፣ ዲቤቱን አይተው እንደሆነ ስጠይቃቸው «እሱ ከተኛሁ በኋላ ነው የሚመጣው» አሉኝ።

ግሪን ካርድ ያላችሁ ደግሞ ስሙኝ። ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ) ስትሄዱ መራጭ ልመዝግብህ የሚለው ቦታ ላይ ዝም ብላችሁ «አዎ» እንዳትሉ፣ ሲቲዝን ሳይሆኑ ለፕሬዝዳንት መምረጥ ወንጀል ነው፣ ከአገር እስከመባረር ያደርሳል። ዲሲና የሜሪላንዷ ከተማ ታኮማ ፓርክ ለአካባቢ ምርጫ የፈቀዱት ሌላ ጉዳይ ነው። ዲቤቱን ግን እስኪነጋ እዩ፣ ተጣሉበት፣ ብቻ ለኔ አትደውሉ።