ቦይለሩ ለምን ይንጣጣል?

ቦይለሩን ስታበሩት ይንጣጣል? አብዛኛውን ጊዜ ሊፈነዳ ነው ማለት አይደለም። የኖራ ጣጣ ነው። ማንቆርቆሪያችሁን ውስጡን እዩት፤ ያ ነጭ ቅርፊት ቦይለሩ ውስጥም አለ። ውሃው ሲሞቅ በውስጡ የሟሟው ካልሲየም ሬዚስታንሱ (ውሃውን የሚያሞቀው ብረት) ላይ ይጋገራል። ከቅርፊቱ ሥር የገባው ውሃ ይፈላል፤ እንፋሎቱ አረፋ ሆኖ ይወጣና ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ሲነካው ይከስማል። ጠሽ ጠሽ የሚለው እሱ ነው። የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀም ቤት ብዙ ጊዜ ይብስበታል።

ሙቀቱን ወደ 60 ዲግሪ ዝቅ ማድረግ ይረዳል። ዋናው ግን ባለሙያ ጠርቶ ማስጠረግ ነው፤ ከመከፈቱ በፊት መብራቱ ከብሬከሩ ይጥፋ።

አደራ፣ ውሃው ሲሞቅ ሴፍቲ ቫልቩ ጠብ ጠብ ቢል እንዳትደፍኑት! ግፊቱን የሚያስተነፍሰው እሱ ነው። የሚያስፈራው እሱ ሲደፈን ነው።